አምስተኛዋ ተሳታፊ

ጥር 4

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳልሽስ ለቀቀሽ? መልሴ ስለዘገየብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ ከምትሠሪበት ከዋናው ቤተ መጻሕፍት በሚመጣው የመጻሕፍት ከረጢት ውስጥ ሆኖ በደህና ደርሶኛል፤ የእኛ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሳይከፍቱ ነው የሰጡኝ። ወዲያው ያልመለስኩት ቀኝ እጄ አብጦ ስለነበር ነው። መጽሐፍ ወደ ቦታው ስመልስ ከመሰላል ወድቄ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ ስለ ድረ ገጽ ምን ታውቃለች ብዬ ትንሽ አፍሬ ነበር። አንቺ ግን የምታዪውን ብቻ ጻፊልኝ ስላልሽኝ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ለመጽሐፍ መፈለጊያው ድረ ገጽ ሙከራ የኋላው ክፍል ይሆናል። አሮጌ ጋዜጣ ተከምሮበታል፤ እኔ አነሳዋለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ኮምፒውተር ካለ ይበቃል ካልሽ፣ ይበቃል። አንድ ችግር ብቻ አለው። መስኮቱ የእህቴን ባል የጋሼን ብየዳ ቤት ፊት ለፊት ያያል። የብረት መቁረጫው ሲነሳ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ጋሼም ከሥራው ቀና ካለ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ያያል። ስለዚህ መጋረጃ እንሰቅላለን።

ሰዎች ድረ ገጹ ላይ የት ጋ ይናደዳሉ ላልሽው፣ «ቁጥር ይሙሉ» የሚለው ቦታ ላይ ነው። የአባልነት ካርዱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ የትኛውን እንደሚፈልግ አይናገርም። ተሳስተዋል ብቻ ይላል፣ በቀይ። ባለፈው አንድ የታክሲ ሹፌር ደጋግሞ ተሳስተዋል ሲለው ኪቦርዱን በቡጢ ነረተው፤ ቁልፎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። «ማን ሆኖ ነው እኔን ተሳስተሃል የሚለኝ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ቁልፎቹን ለቀምኩ፤ ለቅሜ ከጨረስኩም በኋላ ቶሎ አልወጣሁም። ግን ሹፌሩ ከመምታቱ በፊት እንደሚመታ አውቄ ነበር። ሰው ሊመታ ሲል መጀመሪያ አፉ ዝም ይላል፣ ከዚያ ትከሻው ከፍ ይላል። ይህ ለጥናቱ ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም።

በራስሽ ላይ ሞክሪው ያልሽኝን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መጽሐፍ እየፈለግኩ በሆዴ ያለውን ጮክ ብዬ መናገር አቃተኝ። ኃላፊዋ አጠገቤ ተቀምጠው «እስቲ አሁን ምን እያሰብሽ ነው?» ሲሉኝ «ምንም» አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ። አሁንም «ምንም»። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ የተጠረገ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ብዙ ነገር እያሰብኩ ነበር። ሰው ያሰበውን እንዲናገር መጠየቅ ከባድ ነገር መሰለኝ።

እታለም ስልክ የማታነሳው ስልኳ ወድቆ ስለተሰበረ ነው። ባሏም እሷም ደህና ናቸው። ሰላም ብላሻለች።

አክባሪሽ፣ የእህትሽ ልጅ


ጥር 11

የኔ ጭምት፣

ሳሉ ለቆኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። ስለ ሁለቱ ቁጥሮች የጻፍሽው የጥናቱ ዕቅድ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሆኖ ገብቷል። ስለ ትከሻውም የጻፍሽውን ይዤዋለሁ። ከሰዎቹ አጠገብ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ መሰላሉ። ኃላፊሽ ደውለውልኝ ነበር። አንገትሽ ላይ ስላዩት ነገር ነገሩኝ። መሰላል ጣት የለውም። የእህትሽስ ስልክ የወደቀው ከየት ነው?

በእኛ ሥራ ሰውን «ከበደዎት ወይ?» ብለን አንጠይቅም። ሰው አፍሮ «ኧረ ቀላል ነው» ይላል፤ እኛም አምነን እንሄዳለን። «ያሳዩኝ» ነው የምንለው። ስለዚህ አንቺንም ደህና ነሽ ወይ አልልሽም። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፊልኝ።

አምስት ሰው ፈልጊልኝ። ኮምፒውተር የሚችሉትን ብቻ እንዳትሰበስቢብኝ፤ አንድም ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ይኑር። ከመጀመራቸው በፊት ለእያንዳንዳቸው ይህን ታነቢላቸዋለሽ፣ አንድ ቃል ሳትቀይሪ፦ «የምንፈትነው ድረ ገጹን እንጂ እርስዎን አይደለም። በፈለጉ ጊዜ ተነስተው መሄድ ይችላሉ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅዎ የለም።» ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ሰው ሲቸገር ስታዪ እጅሽ ሊረዳው ይሮጣል። ያዢው። የምናየው ችግሩን ነው።

አክስትሽ


ጥር 18

ውድ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለዋሸሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ እነ እታለም ቤት ነው የማድረው፤ የቤት ነገር ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈራኛል።

ጋሼ የመጣው እኔ ላይ አልነበረም፣ እታለም ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ነበር። አንድ ደንበኛ የሠራለትን በር ተጣሟል ብሎ መልሶበት ነበር። ሲገባ ዝም ብሎ ነው የገባው፤ እኔ ትከሻውን አየሁ። እታለም ካንቺ ጋር ስልክ እያወራች ነበር። ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ በሱ አፏን መታት። ሁለት የፊት ጥርስ ወጣ። አንቺ ያን ጊዜ ኔትወርክ ተቋረጠ ብለሽ ይሆናል። ከዚያ ስልኩን ከግድግዳ አላተመው። መሃል ስገባ አንገቴን ይዞ አቆመኝና «አንቺ ደግሞ ምን አየሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እጄን በሩ መቃን ላይ አስደግፎ በሩን ዘጋበት።

የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት በጋለ ብረት ጀርባዋን ነክቷታል። እታለም ቁስሏን ሳጥብላት «ሳያየኝ ነው» ትለኝ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል። የልጆቹን ብስክሌት በነፃ ነው የሚበይደው። ቀልድ ይችላል፤ እኔ ራሴ ስቄ አውቃለሁ።

ክፉ ነገር አስባለሁ አክስቴ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ትልልቅ መዝገበ ቃላት ሳነሳ፣ ይህ ሰው ጭንቅላት ላይ ቢያርፍ ምን ዓይነት ድምፅ ያወጣል እላለሁ። መጽሐፍ ሁሉ ለኔ ክብደት ሆኗል። ሰው መጥቶ የትኛው መጽሐፍ ጥሩ ነው ሲለኝ እጄ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

አምስቱን ሰዎች አግኝቻለሁ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ አሉ፤ ነርስነት የምትማር የፀጉር ሠሪዋ ልጅ አለች፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አሉ፤ ያ የታክሲ ሹፌርም አለ፣ ኪቦርድ አልመታም ብሎ ምሏል። አምስተኛዋ እታለም ናት። ማውዝ ነክታ አታውቅም። ጋሼን ኃላፊዋ ሄደው አስፈቀዱልኝ። «ይቺን? ሪሞት የማትይዝ ሴት! ኮምፒውተሩን ብታቃጥለው እኔ የለሁበትም፣ ከወዲሁ ፈርሙልኝ» አለና እየሳቀ ፈቀደ። ኃላፊዋም ሳቁ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ስህተት ከሆነ ተቆጪኝ። አንቺ የምትመጪው በቤተ መጻሕፍቱ መኪና ነው። መኪናው የኋላ በር ጋ ይቆማል። መጋረጃው ይዘጋል፤ «ሙከራ ላይ ነን፣ አይግቡ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፋል ብለሻል። እሱ ማዶ ሆኖ እታለም ውስጥ ተቀምጣለች ብሎ ያስባል። እሷ ግን መኪናው ውስጥ ብትሆንስ?

አክባሪሽ፣ የእህትሽ ልጅ


ጥር 25

የኔ ጭምት፣

አልቆጣሽም። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ካነበብኩም በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። አዎ፣ ያን ቀን ኔትወርክ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

እመጣለሁ። የካቲት 9 ጠዋት። ሹፌሩን እኔ አናግረዋለሁ፤ ወሬ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ስሚኝ። አንቺ ወስነሽላት እኔ ጭኜያት አልሄድም። የሚወስንላትማ ሰው ቤቷ ውስጥ አለ። ጠይቂያት። እሺ ካለች ትሄዳለች፤ አይሆንም ካለች ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ትፈልጋለች፤ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው አነብላታለሁ።

የሌሎቹ አራት ሰዎች ሙከራ እውነተኛ ነው። ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ፤ ይህ ድረ ገጽ በየከተማው ስንቱን ሰው እያበሳጨ እንደሚመልስ አንቺ ታውቂያለሽ። ከቀኑ በፊት ሁሉም ጮክ ብሎ ማሰብን ይለማመዱ። ሽንኩርት ሲልጡም ሆነ ጫማቸውን ሲያስሩ የሚያደርጉትንና የሚያስቡትን አፋቸው ላይ እንደመጣ ይናገሩት። ያኔ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ምላሳቸው አይታሰርም። እህትሽም ከነሱ ጋር ትለማመድ፤ ከሌሎቹ የተለየች እንዳትመስል።

አክስትሽ


የካቲት 2

ውድ አክስቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? እንዳልሽው ጠየቅኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ ሳትሰቅለው ብዙ ቆመች። እኔም እንደ ደንቡ ዝም አልኩ። በመጨረሻ «የትኛውን ጫማ ላድርግ?» አለችኝ። መልሷ ይህ ነው።

ሌሎቹ እየተለማመዱ ነው። የመሬት ቀያሹ ጮክ ብለው ሲያስቡ ሰው ሁሉ ሸሻቸው አሉ፣ ምክንያቱም የሚያስቡት ስለ ሰው ነው። እታለም መጀመሪያ እንደኔ አቃታት። «አሁን ሳህን እያጠብኩ ነው» ትልና ትቆማለች። «ከዚያስ?» ስላት «ከዚያማ ሌላ ሳህን» ትላለች። ቀስ በቀስ ግን አፏ ተፈታ። ጠዋት ጋሼ ብየዳ ቤት ሲሄድ ቤቱን እየዞረች ታወራለች። «አሁን ይህን መጥበሻ እያየሁ ነው። የማስበው እጀታውን ማን እንደሰበረው ነው። የሰበረው ጭንቅላቴ ነው።» እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ሳላውቅ እሷ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋ እንደዚህ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ጋሼ እየባሰበት ነው። የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ ብሎ በፌሮ ወገቡን ሰበረው። ውሻው እስካሁን አልሞተም፤ በፊት እግሮቹ እየተሳበ አጥር ሥር ይዞራል። ለባለቤቱ «ይቅርታ ጌታዬ፣ የሚናከስ እገዛልሃለሁ» አለው። ሰውየውም ሳቀለት። አሁን ደግሞ ለጓዳው መስኮት ብረት ሊገጥም ነው፤ ሌባ በዝቷል ይላል።

መጋረጃውን ሰቅያለሁ። ወፍራም ነው፣ ከውጭ ምንም አያሳይም።

አክባሪሽ፣ የእህትሽ ልጅ


የካቲት 14

ውድ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ኃላፊዋ ናቸው። ያን ያህል መንገድ መጥተሽ ሳታገኚኝ በመመለስሽ ይቅርታ። ልጆች ማቆያ ከገባሁ በኋላ ለጥቂት ቀን ሰው አያስገቡም ነበር። እታለምን ከሆስፒታል ወስደሽ በዚያው መኪና እንደሄዳችሁ ሰምቻለሁ። ትተሽልኝ የሄድሽው ወረቀትም ደርሶኛል።

መርማሪው ምን ብሎ እንደነገረሽ አላውቅም፤ እኔ የሰማሁትን እነግርሻለሁ። ልትመጪ ጥቂት ቀን ሲቀርሽ ነው፤ እታለም ሳህን እያጠበች ነበር። መናገሩ ልማድ ሆኖባት ነበር፤ እንደምትናገር ራሷም አታውቅም። ጋሼ ያን ጠዋት ብየዳ ቤት አልሄደም። የጓዳውን መስኮት በውጭ በኩል እየለካ ነበር፤ እኛ የሄደ መስሎን ነበር። እኔ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። «አሁን የማስበው መኪናው የኋላ በር ጋ ሲቆም ነው» አለች። «ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምሮጠው። አክስቴ በሩን ከፍታ ትጠብቀኛለች።» ደስ ብሏት ነበር። ውጭ ብረት ከብረት ሲነካካ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ። ተነስቼ አፏን ልይዝላት ሮጥኩ፤ እሱ ቀድሞኝ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። መንጋጋዋን፣ የግራ ክንዷንና ጎድኗን ሐኪሙ አሳይቶሻል።

ለምን ቶሎ አልጮህሽም ላልሽኝ፣ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። እጄ ሊሮጥ አለ፣ ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስይዘው ኖሬ ይሆናል። እሷ መጮህ ስታቆም ግን ለቀቅኩት። ፌሮው ውሻውን የመታበት ነው፣ በር ሥር ነበር። ቀኝ እጁን ነው የመታሁት፤ ሲወድቅም እዚያው እጁ ላይ፣ ጣቶቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋኝ። ድምፁ መጽሐፍ ሳነሳ ያሰብኩት ዓይነት አይደለም። እርጥብ ነው። ሲለምነኝ ሰምቼዋለሁ፤ «እህቴ፣ እህቴ» ይለኝ ነበር። ከለመነኝ በኋላም ሁለት ጊዜ ያህል መታሁት። ይህንንም ለመርማሪው ተናግሬያለሁ።

መርማሪው «ልትገድይው አስበሽ ነበር?» አለኝ። «አዎ፣ ግን ያን ቀን አይደለም፣ ከዚያ በፊት ብዙ ቀን» አልኩት። የቆመልኝ ጠበቃ ግንባሩን ያዘ። ስንወጣ «ልጅት፣ በፈጠረሽ፣ ያሰብሽውን ሁሉ አትናገሪ» አለኝ። እሺ አልኩት።

አትጸጸቺም ወይ ላልሽኝ፣ እዚህ በገባሁበት ቀን በደንብ ተኛሁ። የሚያስፈራኝ ይህ መተኛቴ ነው።

ልምምዱን እኔ ነኝ ያዘዝኩት ብለሽ ራስሽን እንደምትወቅሺ ኃላፊዋ ነገሩኝ። ተይው አክስቴ። እኔም ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ተደብቄ እሰማት ነበር፤ ዝም በይ ማለት እችል ነበር። ድምፅዋ ደስ አለኝ፣ ተውኳት።

የእህትሽ ልጅ


መጋቢት 5

ውድ አክስቴ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ለላክሽልኝ ሹራብ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይበቃኛል፣ እጅጌው ብቻ ይረዝማል።

ጥናቱን በአራቱ ሰዎች መጨረሳችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ካርዱ ላይ የሚፈለገው ቁጥር በቀለም ይከበባል ያልሽው ጥሩ ነው። የታክሲ ሹፌሩ ሲናደድ እጆቹን ቂጡ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው ያልሽውን ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። በአምስተኛው ቦታ ሌላ ሰው አስገቢ። ባዶ መተው ለሥራው ጥሩ አይደለም።

እዚህ እንዴት ነሽ ላልሽኝ፣ ምግብ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ። ድብድብ በየቀኑ ነው። ትናንት አንዲቱ የሌላዋን ጆሮ ነክሳ ቆርጣለች። እኔን የሚነካኝ የለም። ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ «ፌሮ» ነው የሚሉኝ። ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ያሉት ዞር ይሉልኛል። እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ መቆም ነው የምወደው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። እታለምን በመጠየቂያ ቀን ይዣት ልምጣ ወይ ብለሻል። አታምጪያት።

ጋሼ በዋስ ወጥቷል። እጁ አንገቱ ላይ ታስሯል። በመጠየቂያ ቀን ሁሉ ከበሩ ማዶ ቆሞ ይውላል። ከዘበኞቹ ጋር ይቀልዳል፤ እነሱም ወደውታል። ወደ ውስጥ አይገባም፣ የሚገባውን ብቻ ነው የሚያየው። ባለፈው ኃላፊዋን እስከ ቤታቸው ተከትሏቸዋል። አጥራቸው ጋ ሲደርስ «እመቤቴ፣ ደህና እደሩ» ብሎ ተመለሰ። ለፖሊስ ነገሩ፤ መንገድ ላይ መሄድ አይከለከልም አሏቸው። እኔን አይደለም የሚጠብቀው፤ እኔ የት እንዳለሁ ያውቃል።

ይህን ለእታለም እንዳትነግሪያት። ብትነግሪያት ለኔ ስትል ትመጣለች፣ ታውቂያታለሽ። ተቀይማሻለች በያት። ባትናገሪ ኖሮ እዚህ አልገባም ነበር ትላለች፣ ዓይንሽን ማየት አትፈልግም በያት። ታምንሻለች። ሆዴ ውስጥ ያለውን ነግሬያት ስለማላውቅ፣ ምን እንደማስብ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ያለችበትን ሰፈር ለኔም አትጻፊልኝ። የመኪናውን ሹፌርም ሌላ መሥመር ላይ ይመድቡት።

መጀመሪያ ታለቅሳለች። ቀጥላ ደግሞ ትናደድብኛለች፤ ያ ሲሆን ጥሩ ነው፣ አታባብያት። ስሜን ማንሳት ያቆመች ዕለት ጻፊልኝ።

የእህትሽ ልጅ